ሞተር ሲወድቅ

ሞተር ሳይክል በሁለት ጎማ እስከሄደ ድረስ አንድ ቀን መጋደሙ አይቀርም፤ ሠሪዎቹም ይህን አስበውበታል። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ጫፋቸው እንደ ኳስ የደበለበለው ሲወድቅ ሰው እንዳይወጉ ነው። የእግር ማሳረፊያውም ኢንጂኑ መሬት ከመንካቱ በፊት ምቱን ይቀበላል። በቆመበት ወይም በሰው እርምጃ ፍጥነት የወደቀ ሞተር በአብዛኛው ክፍሎቹ ቦታቸውን ይለቃሉ እንጂ አይሰበሩም። ብዙውን ስብራት የሚያመጣው ከውድቀቱ በኋላ የሚደረገው የችኮላ ጥገና ነው።

በጋምቤላ ሞተር የሚጥለው በቅድሚያ አፈሩ ነው። ከተማዋ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን ወደ ኢታንግ፣ ላሬና ጂካዎ የሚዘረጋው ሜዳ ዋልካ ይበዛዋል። በክረምት ዋልካው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ከፓራፋንጎው ሥር ይታጨቃል። የፊት ጎማው መዞሩን ያቆምና ሞተሩ በዝግታ ይጋደማል። ጭቃውን በእንጨት እየፈነቀሉ ማውጣት ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም ጋዝ እየሰጡ በኃይል ከመታገል ይሻላል፤ ትግሉ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ሁለተኛው ምክንያት የሞተሩ አቋቋም ነው። ማንጎ ጥላ ሥር የቆመ ሞተር የጎን ማቆሚያው ርጥብ አፈር ውስጥ ሰጥሞ ይወድቃል። ከማቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የተጨፈለቀ ጣሳ ማስገባት ምንም ወጪ የለውም፤ ይህን ቸል የሚል አሽከርካሪ በአፈሩ ሊያማርር አይገባውም።

ከወደቀ በኋላ ቁልፉ ይጠፋል፣ የቤንዚን መዝጊያው ይዘጋል። ወደ ቀኝ ከተጋደመ የጎን ማቆሚያው ሳይነሳ በፊት ይዘረጋል፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ አንደኛ ማርሽ ይገባል። ማንሳቱ በወገብ ሳይሆን በእግር ጉልበት ነው። ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ዕቃ ነውና ጀርባን ለመቀመጫው ሰጥቶ፣ መሪውን ይዞ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ማቆም ይቻላል። በአብዛኞቹ ሞተሮች ማርሚታው በስተቀኝ ነው፤ በቁምጣና በነጠላ ጫማ የሚነዳ ሰው እግሩን የሚያቃጥለው በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል። የፈሰሰው ቤንዚን ይተናል፣ ዘይቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲነሳ ለአጭር ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ቢወጣ አያስደነግጥም።

ከሁሉ በላይ በስህተት የሚፈረድበት ክፍል የፊት ሾክ ነው። ሞተሩ ቀና ብሎ ሲሄድ መሪው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ይታያል፤ ወዲያውም «ሾኩ ታጥፏል» ይባላል። ሁለቱ የሾክ ቱቦዎች ግን ከላይና ከታች በመቆንጠጫ፣ ከግርጌ ደግሞ በጎማው ፔርኖ የተያዙ ናቸው። መቆንጠጫዎቹ ቱቦዎቹን የሚይዙት በቡሎን ጭምቅታ ብቻ ስለሆነ መሪው መሬት ሲመታ ቱቦዎቹ በውስጣቸው ይንሸራተታሉ። የታጠፈ ነገር ላይኖር ይችላል፤ የተጠማዘዘው አቀማመጡ ነው። ይህን ያልተረዳ ባለቤት ሞተሩን ወደ በያጅ ይወስዳል፣ ቱቦውም በእሳት ተግሎ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። እሳቱ የዘይት መከልከያውን ጎማ ያቀልጣል፣ ልባጡን ይልጣል፣ ብረቱንም ያለሰልሳል። ደህና የነበረው ሾክ የሚበላሸው ያን ጊዜ ነው። ሌላው ደግሞ መሪውን እንደተጣመመ ለወራት ይነዳዋል፤ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ወደ ጎን የሚጎትተው ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። የታችኛው መቆንጠጫ ቡሎኖች፣ የፔርኖው ዳዶና የፓራፋንጎው ማሰሪያዎች ይላላሉ፤ የላይኞቹ ጥቂት ብቻ። የፊት ጎማው በሁለት ጉልበት መካከል ተይዞ ወይም ግንድ ተደግፎ መሪው በተቃራኒው አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይዞራል። ሳይላላ በጉልበት መጠምዘዝ ለጊዜው ይመልሰዋል፣ ውጥረቱ ግን ውስጡ ይቀራል። ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ ሲታይ ሁለቱ ቱቦዎች ትይዩ ከሆኑ ሾኩ የፊት ፍሬን ተይዞ ደጋግሞ ወደ ታች ይጫናል፤ ክፍሎቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። ማጥበቁ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ፔርኖው መጨረሻ ላይ ይጠብቃል። ቱቦው ራሱ መታጠፉ ከተጠረጠረ አውጥቶ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ማንከባለል ነው፤ ቀጥ ያለ ቱቦ ሳይነጥር ይሄዳል።

እጀታዎቹ የአሉሚኒየም ቅልጥ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ታጥፈው ሲቀኑ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃሉ። ታጥፎም ሙሉ በሙሉ የሚጎተት እጀታ ተለዋጭ እስኪገኝ ባለበት ቢቆይ ይሻላል። ዕቃው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ አንድ ጥንድ ከመቀመጫው ሥር አስሮ መዞር ብልህነት ነው። የእጀታው ማቀፊያ ቡሎን ከመጠን በላይ መጥበቅ የለበትም፤ ትንሽ ላላ ያለ እንደሆነ ሲመታ ይዞራል፣ ድርቅ ብሎ የታሰረ ግን ይሰበራል። ማርሽ መቀየሪያው ብረት ስለሆነ ይቃናል፤ ሆኖም ዘንጉ ላይ እንዳለ ከተቃና የዘይት መከልከያው ይጎዳል። ቦታው ምልክት ተደርጎበት ተፈትቶ ሞርሳ ላይ ይቃናል። ስፖኪዮና ፍሬቻ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክም ዳርና ዳሩ ተበስቶ በቀጭን ሽቦ ተሰፍቶ ይሰነብታሉ።

የቤንዚን ታንኩ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ ደረቅ የልብስ ሳሙና ስንጥቁ ላይ ይታሻል። ሳሙና በቤንዚን ስለማይሟሟ ፍሳሹን ለጊዜው ያቆመዋል። ታንኩን ሳያጥቡ ለብየዳ ማቅረብ ግን ሕይወት የሚያጠፋ ድፍረት ነው፤ የሚፈነዳው ቤንዚኑ ሳይሆን በባዶው ታንክ ውስጥ የቀረው ትነት ነው።

ከመነዳቱ በፊት ኢንጂኑ ተነስቶ መሪው እስከ ጥጉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። ድምፁ ከጨመረ የጋዝ ካቦው ተቆንጥጧል፤ ሳይስተካከል አይነዳም። ሁለቱም ፍሬኖች በዝግታ ይሞከራሉ። የተነኩት ቡሎኖች ከ20 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ።