በር ላይ የሚረጨው ድመት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ድመት የሌለው የቡና ገበሬ ቤት ማግኘት ይቸግራል። አይጥ ጆንያ ይበሳል፣ እህል ይጨርሳል፤ ስለዚህ ሦስትና አራት ድመት የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። ለእኔ ለእንስሳት ሐኪሙ ከእነዚህ ቤቶች የሚደርሰኝ አቤቱታ ግን ስለ አይጥ አይደለም። «ዶክተር፣ ከየት እንደመጣ የማናውቀው ወንድ ድመት በራችን ላይ እየረጨ አከረፋን፤ አሁን ደግሞ የራሳችንም ድመቶች ጓዳ ውስጥ ጀመሩ» ይሉኛል። አስከትለው የሚጠይቁኝ መርዝ ነው።

መርዝ አልሰጥም። መርዝ የበላ ድመት የትም ወድቆ ይሞታል፤ ሬሳውን የጎረቤት ውሻ ያገኘዋል፣ የተረፈውን የተመረዘ ምግብ ዶሮ ይለቅመዋል። በዚያ ላይ ሟቹ የለቀቀውን ሰፈር ሌላ ወንድ ይይዘዋል። ደጅ የሚደፋው ትርፍራፊና ያልመከኑት ሴት ድመቶች እስካሉ ድረስ የሚመጣ አይጠፋም። በእኛ አገር ደግሞ ፋታ የለውም። ሴት ድመት ለመጠቃት የምትነሣሣው በቀን ብርሃን ርዝመት ነው። በአውሮፓ ክረምት ቀኑ ሲያጥር ታርፋለች፤ ሚዛን ግን ሰባተኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ስለዚህ ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል።

የሚረጭ ድመት ለመሽናት የመጣ አይደለም። ቆሞ፣ ጅራቱን ሽቅብ ቀስሮ እያንቀጠቀጠ፣ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ጥቂት ይረጫል። ሲሸና ግን ቁጢጥ ብሎ መሬት ላይ ያፈሳል። ይህን እንዲያስተውሉልኝ ባለቤቶችን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም አንዳንዴ «ቤት አበላሸ» ተብሎ የሚመጣልኝ ወንድ ድመት የሽንት ቧንቧው የተዘጋበት ሕመምተኛ ነው። ደጋግሞ ቁጢጥ እያለ ካማጠና ጠብታ ብቻ ከወጣው ለነገ አይባልም፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ያልተኮላሸ ወንድ ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል፣ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር በብዛት ይገኛል። እሱ ሲፈራርስ ነው ያ ቤት የሚያስለቅቅ ክርፋት የሚመጣው። የቤቶቹ ድመቶች ይህን ከደጃፍ ሲያሸቱ ወይም እንግዳውን በበር ስንጥቅ ሲያዩት ሰፈራቸው የተነጠቀ ይመስላቸዋል፤ በጓዳው ግድግዳ ላይ የራሳቸውን ሽታ ይጨምራሉ። ሰው «ቂም ይዞብኝ ነው» ይላል፤ ይመታዋልም። ድመቱን የያዘው ግን ስጋት ነው፤ ዱላ ስጋቱን ያባብሰዋል፣ ርጭቱም ይብሳል።

የቡና አገር ስለሆንን ጣጣው ከአፍንጫ ያልፋል። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ወርዶ የደረቀ ቡና የአካባቢውን እርጥበትና ሽታ ይስባል፤ ከነዳጅ ወይም ከኬሚካል ጋር እንዳይቀመጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው። የድመት ሽንት የነካው ጆንያም ለሌላው መትረፉ አይቀርም። ስለዚህ ቡናውን ከግድግዳ አርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ደርድሩ። የተረጨበትን ጆንያ ለይታችሁ አውጡ፤ ከደህናው ጋር ማደባለቅ ሁሉንም ማጣት ነው።

ጽዳቱ ላይ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ዕጣን ማጨስ ለእኛ ይሸፍንልናል እንጂ ለድመቷ አፍንጫ ምንም አይሸፍንም። በረኪና በሽንት ላይ ሲፈስ ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ፌኖል ያለባቸው ጠንካራ የጽዳት መድኃኒቶች ደግሞ የድመት ጉበት ስለማይችላቸው ይመርዟታል። በዱቄት ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ሲደርቅ በአልኮል መጥረግ ይበቃል። የጭቃ ግድግዳ ግን ይጠጣዋል፤ የረጠበውን ፍቆ እንደገና መለሰን ያስፈልጋል።

ዋናው መፍትሔ ወንዱን ማኮላሸት ነው። ይህን ስል እናቶች «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለው ይመልሱልኛል። ይህ ዓመል ግን በአብዛኛው የሆርሞን ሥራ ነው፤ ከተኮላሹት ከአሥር ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ይተዉታል ወይም በጣም ይቀንሱታል። ለአንዳንዱ ሳምንታት ይፈጃል። የቤቱንም ወንዶች አብሮ ማኮላሸት ይገባል። ለወይፈን የምንጠቀምበት ቡርዲዞ የሚባለው መቀጥቀጫ ለድመት አይሆንም፤ ማደንዘዣ ተሰጥቶት በቀዶ ሕክምና ነው የሚደረገው። በየወረዳው ያለው አገልግሎት ለከብት የታሰበ ስለሆነ ለድመት ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው፤ እኔ ይህ እንዲለወጥ ከልቤ እፈልጋለሁ። የተኮላሸው እንግዳ እዚያው ሰፈር ቢቆይ አይጥ ይይዝላችኋል።

እስከዚያው ማታ ማታ ትርፍራፊ ደጅ አትድፉ፣ የበሩን ስንጥቅ ድፈኑ፣ ለቤቶቹም ድመቶች መብያቸውን አራርቁላቸው፤ ሰጋቱራ የተሞላ መጸዳጃም በተለያየ ጥግ አስቀምጡ።

እንግዳውን ስትይዙት በባዶ እጅ አይሁን። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለጥቂት ቀን በአንድ ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ ምግብ አስለምዱት፤ ማታ ሲገባ ክዳኑን እሰሩና በነጋታው ለቀዶ ሕክምናው አምጡት። ከተያዘ በኋላ ምግብ አይብላ፤ ውኃ ግን አትከልክሉት።