በሽታዋን የማትደብቅ ሳጥን

ባሕር ማዶ ካለች እህት ጋር በቪዲዮ ሲወራ ምስሉ ባለበት ደርቆ ይቀራል። «ኢንተርኔቱ ሄደ!» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ይከተላል። ቀጥሎ አንዱ ይነሳና ራውተሯን ከሶኬት ነቅሎ መልሶ ይሰካታል። ብዙ ጊዜም ይሠራል። ነገር ግን ነቅሎ መሰካት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ምንጩን አይናገርም፤ በማግስቱ ያው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ራውተር ግን አትደብቅም፤ ፊቷ ላይ በተደረደሩት ትንንሽ አምፖሎች ሕመሟን ትናገራለች። እኛ ነን ሳናያት የምንነቅላት።

ስለዚህ መስመር ሲቋረጥ ከእጅ በፊት ዓይን ይቅደም።

የመጀመሪያው አምፖል «ፓወር» ነው። ራውተሯ በራሷ ጊዜ ጠፍታ የምትነሳ ከሆነ መስመሩን ከመውቀስ በፊት አዳፕተሩን መጠርጠር ይገባል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚጎዳው እሱ ነው። በሌላ ተመሳሳይ አዳፕተር መሞከር ጥርጣሬውን ያጠራል፤ ቮልቱ ግን እኩል፣ አምፔሩም ከቀድሞው ያላነሰ መሆን አለበት።

ሁለተኛው «ዲኤስኤል» ነው፤ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ በሚመጣባቸው ቤቶች ብዙው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንዲት የመዳብ ሽቦ ሁለት ነገር አብሮ ይጓዛል። የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ሲሄድ፣ ኢንተርኔቱ ከዚያ በላይ፣ በመጀመሪያው ኤዲኤስኤል እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ፣ በኋላ በመጣው ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ደግሞ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ይዘልቃል። ሁለቱን የምትለየው ስፕሊተር የምትባለው ትንሽ ዕቃ ናት። ስልክ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔት የሚቋረጥ ከሆነ ስፕሊተሯ ተበላሽታለች፣ ወይም አንዱ ስልክ ያለ እሷ ተሰክቷል።

አምፖሉ ብልጭ ድርግም እያለ አልረጋ ካለ፣ ራውተሯ ከወዲያኛው ጫፍ ካለው መሣሪያ ጋር መግባባት አቅቷታል ማለት ነው። የስልኩን እጀታ አንስተው ያዳምጡ። ከድምፁ ጋር የሚንጫጫ ነገር ካለ ሕመሙ ሽቦው ላይ ነው። ክረምት ሲገባ የሚብሰውም ለዚሁ ነው፤ ውሃ የገባበትና የዛገ መገጣጠሚያ ያንን ረቂቅ ምልክት ይበላዋል። የራውተሯን የማስተካከያ ገጽ መክፈት የሚችል ሰው የምልክቱና የጫጫታው ልዩነት ከሚያስፈልገው ምን ያህል እንደሚተርፍ በዲሲቤል ያገኘዋል፤ ከ6 በታች ከወረደ መስመሩ ለመቋረጥ ቅርብ ነው።

«ዲኤስኤል» ረግቶ «ኢንተርኔት» የሚለው ከቀላ ወይም ከጠፋ ሽቦው ደህና ነው። የይለፍ ቃል ተበላሽቶ፣ ክፍያ አልፎ ወይም እክሉ ከአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

በፋይበር የሚጠቀም ቤት የሚያየው «ሎስ» የሚለውን ነው። ከቀላ ብርሃኑ አልደረሰም። የፋይበሩ እምብርት 9 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ ጫፉ ላይ ያረፈ አቧራ ይጋርደዋል፤ ክሩ ከሶፋ ሥር ከታጠፈም ብርሃኑ በጎን ያመልጣል። ጫፉን ነቅሎ ወደ ውስጥ መመልከት ግን አይገባም፤ ብርሃኑ ለዓይን ባይታይም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

አምፖሎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ስልክዎ ብቻ ከተቋረጠስ? ኮምፒውተር በገመድ አገናኝተው ይሞክሩ። በገመድ ካልተቋረጠ ጥፋቱ የዋይፋይ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን መንገድ የጎረቤት ራውተርና የማይክሮዌቭ ምድጃ ይጋፉታል። ቻናሉን ወደ 1፣ ወደ 6 ወይም ወደ 11 መቀየር፣ ወይም 5 ጊጋኸርዝን መምረጥ ይረዳል፤ ይህኛው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል። ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለችን ራውተር ከፍ ወዳለ ገላጣ ቦታ ማውጣት ብቻውን የሚፈውስበት ጊዜም አለ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተፈታ ባለሙያ ይጠራል። ያኔ «ኢንተርኔቴ አይሠራም» ከማለት «ዝናብ ሲመጣ የዲኤስኤሉ አምፖል ይጠፋል፣ ስልኩም ይንጫጫል» ማለት ይሻላል። ይህን የሰማ ቴክኒሻን ከቤት ሳይገባ መሰላሉን ምሰሶው ላይ ያስደግፋል።