ኪቦርዱ ታክሲው ውስጥ ነበር

ዋሺንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ወረፋ ረጅም ነው። ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ወይ ከጓደኛው ጋር ያወራል፣ ወይ ወንበሩን አስተኝቶ ያሸልባል። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ግን የመኪናቸውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍተው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ኪቦርድ ያወጡና እዚያው ታክሲያቸው ውስጥ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ኪቦርዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መንገደኛው ይሳፈራል፤ ጉዞ ይጀመራል።

የእኚህን ሰው የሙዚቃ ሕይወት ለመረዳት አንድ ጥያቄ ይዞ መነሣት ይጠቅማል፦ መሣሪያው የማን ነበር?

ጋሽ ኃይሉ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ነው። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ፤ በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ ተማሩ። በዚያ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያ የግል ንብረት ሆኖ መገኘቱ ብርቅ ነበር። ስመ ጥሮቹ ባንዶች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ናቸው። ትራምፔቱም ሳክስፎኑም ደንብ ልብሱም የመንግሥት ነው፤ ሙዚቀኛውም ከዚያ አይርቅም። ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ ክቡር ዘበኛ ካስነሣው የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የታሰረው የክቡር ዘበኛ ሰው ስለነበረ ነው። የምሽት ክበቦች ሲበራከቱ ደግሞ ንብረቱ የክበቡ ባለቤት ሆነ። ሙዚቀኞቹ ከቤቱ ባለቤት ጋር ካልተስማሙ ድራሙንም ጊታሩንም እዚያው ጥለው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ።

ጋሽ ኃይሉ የሚጫወቱበት ዋልያስ ባንድ ይህን ልማድ ሰበረ። እነ ጋሽ ኃይሉ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ሥራ መዋዋል ጀመሩ። ያ ነው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት በራሳቸው ስም እንዲቆሙ ያስቻላቸው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ ስለነበረ፣ ሲመሽ የገባ ታዳሚ ሳይነጋ አይወጣም፤ ባንዱም ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት «ቼ በለው» ከድምፃዊ ይልቅ መሣሪያን ያስቀደመ አልበም ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። ከዚሁ አልበም «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ሥራ የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ ዛሬም ይጫወቱታል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ዝግጅት አሜሪካ ሄደ። ጉብኝቱ ሲያበቃ የተወሰኑት ተመለሱ፤ ጋሽ ኃይሉና ሌሎች ቀሩ። ከቀሩት አንዱ «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሰው አቀናባሪና ፒያኖ ተጫዋች ግርማ በየነ ነበር። ያ ሁሉ ዘፋኝ ዜማውን አቀናብርልኝ ብሎ ደጅ የጠናው ሰው በአሜሪካ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቷል፤ ወደ መድረክ እስኪመለስም ብዙ ዓመታት አልፈዋል።

ጋሽ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሺንግተን ውስጥ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። አኮርዲዮኑ የእሳቸው፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖው የእሳቸው፣ ሲንተሳይዘሩም የእሳቸው እጅ ነው፤ ምቱን ድራም ማሽን ይዞታል። «ሸሞንሟናዬ»ን የመሰሉ ዜማዎች ያሉበት ይህ ሥራ በእኛ አገር አጠራር «ክላሲካል» ነው፤ ማለትም ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ የሚንቆረቆር። አኮርዲዮን የልጅነታቸው ድምፅ ነው፤ ሲንተሳይዘር ያኔ ገና አዲስ ነገር ነው። ካሴቱ ላይ ግን ሁለቱ እንደ ሁለት ሰው ይነጋገራሉ፤ አንዱ ዜማውን ሲጥል ሌላው ያነሣዋል።

ካሴቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ቆይቶም ተረሳ። ጋሽ ኃይሉም መድረኩን ትተው ታክሲ ያዙ። አድማጭ የለም፤ ቀጠሮ የለም፤ ልምምዱ ግን አልተቋረጠም።

ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ብራያን ሺምኮዊትስ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት ያንን ካሴት አገኘ። ሰውየው የቆዩ የአፍሪካ ካሴቶችን እየፈለገ ከባለቤቶቹ ጋር ተዋውሎ የሚያሳትም ነው። ስልክ አፈላልጎ ደወለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮች ተከፈቱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ድሮ የተቀዳ ካሴት ሰውን ወደ መድረክ ሊያስጠራ ይችላል፤ መድረኩ ላይ የሚጫወተው ግን የዛሬ ጣት ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ከመድረክ የራቀ፣ ዕድሜውም ከስልሳ ያለፈ ሰው ከወጣት ሙዚቀኞች ጋር ቆሞ ምሽቱን ሙሉ የተጫወተው፣ ያ ኪቦርድ ከታክሲው ስላልወረደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተሰኙ አዳዲስ አልበሞች አወጡ። ከኮንሰርት ጉዞ ሲመለሱም ታክሲ መንዳታቸውን ወዲያው አልተዉም ነበር። «ላላ በሉ» ላይ ባስ ጊታርና ድራም አጅበዋቸዋል። የዚሁ አልበም የመጨረሻ ሥራ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ላይ ሲደርስ ግን ባሱም ድራሙም ዝም ይላሉ፤ ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን ከፒያኖው ጋር ይቀራሉ።