ስለ ውጅግራ ጠመንጃ ቅጂ አሠራርና ስለ ዒላማ ውድድር

ከቦንጋ ከተማ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ቢታ ገነት ያለችበት የከፋ አገር፥ በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ ወደ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት ተጠቃለለ። ከፋዎች በጥልቅ ጉድባና በአጥር የተከበበውን አገራቸውን በጦርና በጋሻ ሲከላከሉ፥ የዘመተባቸው ሠራዊት ዋና ኀይል ግን ጠመንጃ ነበር። ጠመንጃ በከፋ ንጉሥ በጋኪ ሸሮቾ ዘንድ ጨርሶ ያልነበረ ባይሆንም እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የከፋን የቅርብ ታሪክ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፥ የዚያ ዘመን ጠመንጃ ምን ያህል ርቀት፥ በምን ያህል ፍጥነትና በምን ያህል እርግጠኝነት ይመታ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልገዋል።

በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው የፈረንጅ ጠመንጃ ብዙ ዓይነት ነበር። ሕዝቡም ለያንዳንዱ በአፉ የሚስማማ ስም አወጣለት። የእንግሊዙን ስናይደር «ስናድር» አለው፤ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትን ደግሞ «ውጅግራ» ብሎ ጠራው። ፉዚ በፈረንሳይኛ ጠመንጃ ማለት ሲሆን፥ ግራ የሠሪው የመኰንኑ የባዚል ግራ ስም ነው።

ውጅግራን የፈረንሳይ ሠራዊት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። ከርሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የተባለው ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጐርስ ነበር፤ ውጅግራ ግን የናስ ቀለህ እንዲጐርስ ሆኖ ተሻሻለ። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም፥ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ፥ የአፈ ሙዙም ቀዳዳ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው። ተኳሹ መቀርቀሪያውን እየከፈተ አንድ አንድ ጥይት ያጐርሳል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ጢስ በሌለው ባሩድ የሚተኰሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ስለ ያዙ፥ ውጅግራ ለሽያጭ ወጣ፤ ብዙውም ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጥይቱም ከመሣሪያነት አልፎ በብዙ ገበያዎች እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ ያገለግል ነበር።

በዛሬው ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ በአሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ቅጂ ዒላማ የሚወዳደሩ ማኅበሮች አሉ። በጣሊያን አገር በጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ያለው፥ እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የፔደርሶሊ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ቅጂ በመሥራት የታወቀ ነው። በአፈ ሙዝ ለሚጐርሱት ጠመንጃዎችም እ.ኤ.አ. በ1971 ዓለም አቀፍ ኰሚቴ ቆሞላቸዋል፤ በውድድሩ ጥንተኛው ከጥንተኛ፥ ቅጂው ከቅጂ ጋር ይመደባል።

የውጅግራን ቅጂ መሥራት የሚጀመረው ከልክ ነው። ሠሪው ያልተነካካ ጥንተኛ ጠመንጃ ፈልጎ እያንዳንዱን ክፍል ይለካል። ከሁሉ የሚከብደው አፈ ሙዙ ነው። በውስጡ አራት ቦዮች ተፈልፍለዋል፤ ቦዮቹም በየ55 ሳንቲም ርዝመት አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ። እርሳሱ እየተሽከረከረ ወጥቶ አቅጣጫውን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። በከፋ ቀሞ የሚባሉት አንጥረኞች ጦርና ቢላዋ ቀጥቅጠው ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ የተሰበረ ጦር በዚያው መንደር ይተካል። እንዲህ ያለውን አፈ ሙዝ ግን ያለ መኪና መሥራት አይቻልም። በጦሩና በጠመንጃው መካከል የነበረው ልዩነት የጕልበት ብቻ ሳይሆን፥ የዕውቀትና የንግድ መንገድም ነበር።

ከአፈ ሙዙ ቀጥሎ መቀርቀሪያው፥ ሞላውና ምላጩ ይሠራሉ። ለሰደፉ የሚሆነው እንጨት ደረቅና ጠንካራ መሆን አለበት፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመምና አፈ ሙዙን እየገፋ ዒላማ ያስታል። ማነጣጠሪያውም እንደ ጥንቱ ይቀራል እንጂ በመነጽር አይለወጥም።

ጥይቱም እንደ ጠመንጃው መሆን አለበት። የውጅግራ ጥይት 25 ግራም የሚመዝን፥ በወረቀት የተጠቀለለ እርሳስና 5 ግራም ከሩብ ጥቍር ባሩድ ነበረው፤ እርሳሱ ከአፈ ሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ነው። ለጥቍር ባሩድ በተሠራ ጠመንጃ ጢስ አልባውን ባሩድ መተኰስ ጠመንጃውን ሊያፈነዳ፥ ተኳሹንም ሊገድል ይችላል። ጥቍር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ የሚበልጠው ጥላሸትና ዝቃጭ ሆኖ ስለሚቀር፥ አፈ ሙዙ ከተኩስ በኋላ በሙቅ ውኃ ካልታጠበ ወዲያው ይዝጋል።

ይህ ሁሉ ሲሟላ ዒላማው እውነቱን ይናገራል። እርሳሱ 200 ሜትር እስኪደርስ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚወርድ፥ ርቀቱን በትክክል ያልገመተ ተኳሽ ይስታል፤ ጢሱም ዓይኑን ይጋርደዋል። እንግዲህ ውጅግራ የያዘ ሰው ሁሉ አነጣጣሪ ነበር ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ግን የጦር ውርወራ ከማይደርስበት ርቀት ላይ ሆኖ መተኰስ መቻሉ ራሱ ትልቅ ብልጫ ነበር። በ1889 የሆነውን ነገር በጀግንነት ማነስ ወይም መብለጥ ብቻ መተርጐም ስሕተት መሆኑን የዒላማው ወረቀት ያስረዳል።

የቅጂው ሁለተኛ ጥቅም ጥንተኛውን ማሳረፉ ነው። ከአያት የወረደ ውጅግራ በሰደፉ ላይ የተቀረጸ ምልክት፥ በቆዳ የታሰረ ስንጥቅ ወይም በአገር አንጥረኛ የተተካ ምስማር ሊኖረው ይችላል፤ እነዚህም ስለ ባለቤቱ የሚመሰክሩ ጽሑፎች ናቸው። ጠመንጃውን ለተኩስ ሲባል የሚያድስ ሰው ምስክሩን ያጠፋዋል፤ ሳያድስ የሚተኩሰውም ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን ይከለክላል። ስለዚህ ቅጂ የመሥራቱ ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሞያ የሚተው ነው። በከፋም ሆነ በሌላው አውራጃ ከማንም የሚጠበቀው፥ አሮጌውን ውጅግራ ሳይሞርዱና ሳይቈርጡ፥ የማን እንደ ነበረና ከወዴት እንደ መጣ ከአዛውንቱ ጠይቆ መጻፍ ነው። ብረቱን እንደገና መሥራት ይቻላል፤ ታሪኩ ግን የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።