ሰው ሁሉ የየራሱን ኮከብ ይዞ ይመጣል

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ማታ ማታ ከተማሪዎቼ ጋር ቴሌስኮፕ እንተክላለን። ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቢሆንም ወላጆች ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ደርበው ይመጣሉ። ሁሉም የሚመጣው ኮከብ ለማየት ነው፤ በየልቡ የያዘው ኮከብ ግን ይለያያል። አንዱ የአጥቢያን ኮከብ ይጠይቀኛል፤ ሌላዋ ስሟ ተቆጥሮ የተነገራትን፤ ልጆቹ ደግሞ ባለጭራውን።

መጀመሪያ ሁሉንም ቅር ይላቸዋል። በጥር ምሽት ከሰማይ ኮከቦች ሁሉ ደምቆ የሚታየውን ሲሪየስን አነጣጥርላቸዋለሁ። ዓይናቸውን አስጠግተው ያያሉ፤ ቀና ይላሉ። «መምህር፣ አልተለቀም እኮ!» እውነታቸውን ነው። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ቢያዩትም ነጥብ ነው። በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ብርሃን ከሲሪየስ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ርቀት ላይ ያለ ነገር ይደምቃል እንጂ አይተልቅም።

ቬነስ በምትታይበት ሰሞን ቴሌስኮፑን ወደ እሷ አዞራለሁ። እሷ ትተልቃለች፤ ጊዜው ሲገጥም እንደ ጨረቃ ጎድላ ማጭድ መስላ ትታያለች። ጁፒተርም ክብ ሆኖ፣ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያገኛቸውን አራት ጨረቃዎች በጎንና ጎኑ አሰልፎ ይታያል። የሚተልቁት ኮከብ ስላልሆኑ ነው፤ እንደ ምድር የፀሐይን ብርሃን የሚመልሱ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የአጥቢያ ኮከብ የሚባለውም ቬነስ ነው። ይህን ስናገር ግን አንድም አባት «ተሳስተዋል» ብዬ አላውቅም። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሌሊቱን በእሱ ለክተው የተነሡ ናቸው፤ ሰማዩን ከእኛ አብልጠው ያዩ ነበር። ማጭዷን በገዛ ዓይናቸው ካዩ በኋላ ጥያቄው ከራሳቸው ይመጣል፤ ያኔ ማስረዳት ቀላል ነው።

የተቆጠረው ኮከብ ነገር ይከብዳል። አንዲት እናት «የልጄ ኮከብ ሰንቡላ ነው ተብሏል፤ እዚህ ይታያል ወይ?» አሉኝ። በዐውደ ነገሥት የልጁና የእናቱ ስም ፊደል በቁጥር ተሰልቶ፣ 12 12 እየተገደፈ፣ ቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት የኮከብ ስብስቦች ወደ አንዱ ይመራል። በዚህ የሰው ዕድል ይታወቃል ብዬ አላምንም፤ ሲጠይቁኝም አልደብቅም። ሆኖም ሰንቡላ፣ ዐቅራብ፣ አሰድ የእውነት ሰማይ ላይ አሉ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል። ለእኒያ እናት የሰንቡላን ደማቅ ኮከብ ስፓይካን አሳየኋቸው። እኛ አንድ ብለን የምንጠራው፣ በ4 ቀን አንዴ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች ናቸው። ብርሃናቸው የተነሣው የዛሬ 250 ዓመት ገደማ፣ በዘመነ መሳፍንት መባቻ ነው። እናትየው ወረፋ ለያዙት ልጆች ቦታ ሳይለቁ ብዙ ቆዩ፤ እኔም አላጣደፍኳቸውም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የግንቦት ምሽት ነው፤ ደመናው ሳይከመር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ዝቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን ቆመው የደቡብን መስቀል ያመለክታሉ። ከሁለቱ የሚደምቀው አልፋ ሴንታውሪ ነው። በትንሽ ቴሌስኮፕ እንኳ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለት ቢጫ ነጥቦች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ እርስ በርስ ዞረው ለመጨረስ 80 ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። የለንደን ወይም የበርሊን ነዋሪ ከቤቱ ሆኖ ይህን አያይም። እኛ ደግሞ እዚያው ቆመን ፊታችንን ወደ ሰሜን ብናዞር፣ ከአድማሱ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሰሜን ኮከብን እናገኛለን፤ ኮረብታ ካልጋረደው። ሁለቱንም የሰማይ ወገን ከአንድ ሜዳ ማየት ትልቅ ሀብት ነው። የከተማው መብራት ወደ ላይ እንዳይረጭ አምፖሎቹን መክደን ብቻ ይህን ሀብት ሊያቆይልን ይችላል።

ባለጭራውን የሚጠይቁት ልጆች ጥያቄያቸው ከገዛ ከተማቸው ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ወርዶ ስላዩ ደብረ ብርሃንን እንደ ቆረቆሩ ይተረካል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጭራ ኮከብ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ሃሌይ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ይመለሳል፤ በመጨረሻ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ቀጥሎ ወደ ፀሐይ የሚጠጋው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2053 ላይ ነው። ተማሪዎቼ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ይሆናል። ሐምሌ መሆኑን ስነግራቸው ደመናው አስጨነቃቸው፤ ከመካከላቸው ግማሾቹ አፋር ወርደን እናየዋለን ሲሉ፣ ሌሎቹ ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ካልታየ ምኑን አየነው ብለው እየተከራከሩ ነው።