ለትዳር ጓደኛ ማመልከቻ የሚቀርቡ ማስረጃዎች

አንድ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በኢትዮጵያ ያለችውን ባለቤቱን ወደዚያ ለመውሰድ ሲያመለክት ቃሉ ብቻ አይበቃውም፤ የሚለው ሁሉ በሰነድ መደገፍ አለበት። ሰነዶቹ ሦስት ጥያቄዎችን እንደሚመልሱ አስተውሉ። አንደኛ፣ አመልካቹ ማን ነው? ይህን የዜግነቱ ወይም የቋሚ ነዋሪነቱ ማስረጃ ያስረዳል። ሁለተኛ፣ ጋብቻው ሕጋዊ ነውን? ለዚህ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ቀድሞ ሌላ ትዳር ከነበረም የፍቺ ወይም የሞት ማስረጃ ይቀርባል። ሦስተኛ፣ ትዳሩ የእውነት ነውን? ይህንንም የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋራ የባንክ ሒሳብና የሚያውቋቸው ሰዎች ቃለ መሐላ ይመሰክራሉ።

በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጐማል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ፣ እርሱም ለሥራው ብቁ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጥር 15 ቀን 2010 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 ነው። ቀኑ በስሕተት ከተመለሰ፣ ወይም የሙሽራዪቱ ስም በፓስፖርቷና በትርጉሙ ላይ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ፣ መርማሪው ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ አንዲት ፊደል ባልና ሚስትን ለወራት ልታራርቅ ስለምትችል፣ የጻፋችሁትን ደግማችሁ ማንበብን ልማድ አድርጉ።