ከጉዞው የሚቀረን ያወራነው ነው

በአሜሪካ የፌርፊልድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊንዳ ሄንክል ተማሪዎችን በአንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አስጎበኙ። ተማሪዎቹ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ ሌላውን በዓይናቸው ብቻ እንዲያዩ ታዘዙ። በማግስቱ ሲጠየቁ፣ በዓይን ብቻ ያዩትን ፎቶ ካነሱት በተሻለ አስታወሱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ይህ ጥናት ከጉዞ መልስ ስልኩን በፎቶ ሞልቶ ለሚመጣ ሁሉ ጥያቄ ይጭራል፤ ያን ሁሉ ፎቶ ይዘን ስንመለስ ከጉዞው ምን ያህሉ እኛ ዘንድ ይቀራል?

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አእምሮ "ካሜራው ይዞልኛል" ብሎ ሥራውን ለስልኩ ይጥልበታል። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች፣ ፎቶው እንደማይቀመጥ የሚያውቁ ሰዎችም ሲያነሱ ትዝታቸው እንደሚደክም አሳዩ። የማንሳቱ ሥራ ራሱ ትኩረት ይሻማል ማለት ነው። በሄንክል ሙከራ ደግሞ ከዕቃው አንዱን ክፍል ዙም አድርገው ያነሱት ይህ ጉዳት አልታየባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናትም ነገሩን ይበልጥ አጠራው። የሚያነሱትን በራሳቸው ፈቃድ የመረጡ ጎብኚዎች ካሜራ ካልያዙት ይልቅ ያዩትን በተሻለ አስታወሱ፤ የሰሙትን ግን ይበልጥ ረሱ። ካሜራ ዓይንን ያተጋል፣ ጆሮን ያዘናጋል። ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ከጠርዙ ቆሞ ሲያነሳ የቆየ ሰው የመስቀሉን ቅርጽ አይረሳም፤ አስጎብኚው በዚያው ደቂቃ የተናገረውን ግን ቢጠይቁት ይደናገራል።

ለማን ነው የምናነሳው?

ፎቶው ለማን እንደሚታይ ገና ስናነሳው ማሰባችንም ለውጥ ያመጣል። አሊክሳንድራ ባራሽና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ለመለጠፍ እያሰቡ የሚያነሱ ሰዎች ለራሳቸው ማስታወሻ ከሚያነሱት ያነሰ እንደሚደሰቱ ታይቷል። "ሰው ምን ይለኝ ይሆን?" የሚለው ሐሳብ መሀል ይገባና ልብን ከቦታው ይነጥላል። ውጤቱ ግን ፎቶውን በሚያየው ሰው ቅርበት ይለያያል። ለቤተሰብ የሚላክ ፎቶና ለሺህ ተከታይ የሚለጠፍ ፎቶ፣ ምስሉ አንድ ቢሆንም፣ በአንሺው ላይ የሚጥሉት ጫና እኩል አይደለም።

አድማጭ ለምን ያዛጋል?

ተመራማሪዎቹ ጋስ ኩኒ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ያልተጠበቀ ውጤት አሳተሙ። ተናጋሪም ሆነ አድማጭ ሰው የማያውቀውን አዲስ ነገር መስማት እንደሚወድ ገምተው ነበር። በተግባር ግን አድማጮች ይበልጥ የተደሰቱት ራሳቸው የሚያውቁት ነገር ሲወራላቸው ነው። ምክንያቱ የአነጋገር ክፍተት ነው። ያየ ሰው ሲያወራ ሁሉም ነገር ፊቱ ድቅን ስለሚልበት ብዙ ይዘላል። ቀድሞ የሚያውቅ አድማጭ የተዘለለውን ከራሱ ትዝታ ይሞላል፤ የማያውቀው ግን ግማሽ ወሬ ይዞ ይቀራል።

ይህ በቡና ሰዓት በደንብ ይታያል። ከስሜን ተራሮች የተመለሰች ልጅ ስልኳን ለአክስቷ ታቀብላለች። ፎቶው ላይ ጭጋግና ገደል አለ። ልጅቷ ምስሉን ስታይ ነፋሱ፣ ትንፋሽ ያሳጣት ዳገት፣ አጠገቧ ሣር ሲነጩ የነበሩት ጭላዳዎች ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ይመጡላታል። አክስቷ የሚያዩት ግራጫ ነገር ብቻ ነው።

"ደስ ይላል" ብለው ስልኩን ለሚቀጥለው ሊያሳልፉ ሲሉ፣ "ለመሆኑ የት አደራችሁ?" ብለው ይጠይቃሉ።

"ድንኳን ውስጥ ነዋ፣ እትዬ! የደብረ ብርሃንን ብርድ ያውቁት የለ? እሱ ምንም አይደለም። ጠዋት ስንነሳ የጠርሙሱ ውሃ ረግቶ ጠበቀን።"

አክስት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ወሬው አሁን ገና ደረሳቸው። በደብረ ብርሃን ብርድ ተንደርድረው ያላዩትን ድንኳን ገመቱት። ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ ለእናቱ ፎቶ የሚልክ ልጅም እንዲሁ ነው። የማያውቁት ጎዳና ምስል ብቻውን ብዙ አይነግራቸውም፤ "ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታ ከመርካቶ ሳሪስ ያህል ነው" ቢላቸው ግን መንገዱን አብረውት ይሄዱታል።

የስልኩ ሌንስም የራሱ ድርሻ አለው። የአብዛኛው ስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ እይታ የሚይዝ ነው፤ ብዙ ነገር በአንድ ምስል ውስጥ ስለሚያጭቅ ሩቅ ያለው ተራራ አንሶ ይወጣል። አፋፉ ላይ ስንቆም የገደሉን ጥልቀት የምንረዳው ደግሞ ራሳችንን ስናንቀሳቅስ ቅርቡና ሩቁ በተለያየ ፍጥነት ስለሚንሸራተቱ ጭምር ነው። ፎቶ ይህን ፍንጭ ይነሳናል። ከፊት አንድ ሰው ወይም ሲያብብ ከሰው ቁመት በላይ የሚመዘዝ ጅብራ ቢገባበት፣ ተመልካቹ መለኪያ ያገኛል።

ሲወራ የሚሠራ ትዝታ

እስካሁን ያየነው በአድማጭ በኩል ነው። ማውራቱ በተናጋሪው ትዝታ ላይ የሚያደርገው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ውጤት አመጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ ጽሑፉን ዘግተው ያነበቡትን ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። ከዚህ ተነስተን ብንገምት፣ የጉዞ ፎቶን በጣት እየገፉ ማየት እንደ ማንበብ ነው፤ ለሰው መተረክ ግን ማስታወስ ነው፣ ትዝታንም የሚያጸናው እሱ ነው።

መተረክ ግን ዋጋም ያስከፍላል። ማይክል አንደርሰንና ሮበርትና ኤሊዛቤት ብዮርክ እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ ከፍራፍሬ ዝርዝር ውስጥ ብርቱካንን እየደጋገመ የሚያስታውስ ሰው፣ ከዚያው ዝርዝር ያልደጋገመውን ሙዝ ይበልጥ ይረሳዋል። የዊልማ ኩትስታልና የባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. የ1999 ጥናትም፣ ፎቶን መከለስ የተከለሰውን ክስተት ሲያጠናክር ያልተከለሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ይናገራል። በየቤቱ የምናሳየው ያንኑ አምስት ፎቶ ከሆነ፣ ጉዞው ቀስ በቀስ እነዚያን አምስት ፎቶዎች ይሆናል።

አነጋገራችንም ምልክቱን ይተዋል። ባርባራ ትቨርስኪና ኤሊዛቤት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳረጋገጡት፣ አንድን ታሪክ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ የተረከ ሰው በኋላ በቅንነት ሲያስታውስም ያው ዝንባሌ አይለቀውም። ለማሳቅ ስንል ያጋነንነው የመኪና ብልሽት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ለራሳችንም እውነተኛው ታሪክ ይሆንብናል።

መፍትሔው ዝም ማለት አይደለም፤ ያልተወራውም ይረሳልና። አብረው የተጓዙ ሰዎች ግን አንድ ብልሃት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሜሪ ሱዛን ዌልደንና ክሪስታል ቤሊንገር፣ በቡድን ሆነው የሚያስታውሱ ሰዎች ለየብቻ አስታውሰው ከሚደምሩት ያነሰ እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። አንዱ ሲናገር የሌላውን የሐሳብ መስመር ይቆርጥበታል። ስለዚህ አንዱ ፎቶውን ሁሉ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከማፍሰሱ በፊት፣ እያንዳንዱ ተጓዥ ለብቻው ጥቂት ፎቶ ይምረጥ፤ ካሜራ ያልያዘውን ድምፅ፣ ሽታና ጨዋታም በሁለት መስመር ይጻፍ። ከዚያ ተሰብስቦ ማውራት ነው። እናት የመረጡትና ታናሽየው የመረጠው አይገጥምም፤ ባለመግጠሙም አንዱ ሊረሳው የነበረውን ጉዞ ሌላው ያድንለታል።